ከነላስቲኩ

ቱሉ ዲምቱ፣ ሕንፃ ሠላሳ ሁለት፣ አራተኛ ፎቅ፤
በአንድ እጄ መጋዝ፣ በአንዱ የሚስማር ጣሳ፣
ጉልበቴ ሲንቋቋ ደረጃው ሲርቅ።
ወይዘሮ አልጣሽ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ «ጫማህን አውልቅ!»

አወለቅሁ።
ካልሲዬ ቀዳዳ ነው፤ አውራ ጣቴ ብቅ ብሎ ቤቱን ቃኘ፣
ዐይኔም ተከትሎት ከሶፋው ጋር ተገናኘ።

ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ። ቡናማ ቆዳ።
ከተገዛ ዘጠኝ ዓመቱ፤ ዛሬም የቤቱ እንግዳ፤
ከነላስቲኩ፣ ዋጋው በእስኪርቢቶ እንደተጻፈበት፣
ከገባ ጀምሮ ከፀሐይ በቀር ማንም ያልተቀመጠበት።

ቤተሰቡማ መሬት ነው። ፍራሽ ላይ ይበላል፣ ፍራሽ ላይ ያወራል፤
ልጇ ሕሊና በርጩማ ላይ አጥንታ ኮሌጅ ገባች፤
ሶፋው ግን ይከበራል።

«ለክፉ ቀን ነው?» አልኋት።
«ለደግ ቀን እንጂ!» ብላ ተቆጣች፤
«ቅዳሜ ሽማግሌ ይመጣል፤ ሕሊናዬ ተጠየቀች።
ግን እንጃ፣ ሰሞኑን ቤቱ ቤቴን አልሸተተኝም፤
ሌሊት ከሶፋው ሆድ አንድ ነገር ይንኮሻኮሻል፣ አላስተኛኝም።»

ቢላዬን አወጣሁ።
ፊቷን አዞረች፣ በግ የሚታረድ ይመስል።
ላስቲኩ ጮኸ፤ የዘጠኝ ክረምት ላብ ተነፈሰ፣
ጎምዛዛ፣ እንደ ረጠበ ከሰል።

ስፌቱን ተከትሎ ሻጋታ አረንጓዴ ካርታ ሥሏል፣
ስፖንጁ እንደ ከረመ ዳቦ ተፈርፍሯል፤
ከሥሩ፣ በጋዜጣ ቁራጭና በሕሊና የስምንተኛ ክፍል ደብተር፣
አይጧ ጎጆ ቀልሳ፣ ልጆቿን ድራ፣ የልጅ ልጅ ልትቆጥር።
ከዚያ ቤት ሁሉ ሶፋው የደላት እሷ ብቻ ነበረች።

ወይዘሮ አልጣሽ በርጩማው ላይ ዘጭ አለች።
እኔ ግን ዐይኔ ከበርጩማው አልነቀል አለ፦
ባለሦስት እግር፣ ዋንዛ፣ ከድሮው ሰፈር በአይሱዙ የመጣ፣
እጅ ያለሰለሰው፣ ቀሚስ ያሻሸው፣ ቅባት የጠጣ፤
ስንጥቁ በሙጫና በመጋዝ ብናኝ ተደፍኗል፣
የላላው እግሩ ሽብልቅ ተበጅቶለት ጠንክሯል።

«ማን ጠገነው?»
«እኔው ነኛ! በርጩማ አይደል፣ ምን አለበት፤
በየበዓሉ ዋዜማ በዘይት እወለውለዋለሁ፣ ስንጥቅ እንዳይበዛበት።»

ሳቅሁ። የሙያዬን ምስጢር ሳታውቀው ነገረችኝ፤
እኔን ያችው ትምህርት አርባ ዓመትና ግማሽ ጣት አስከፈለችኝ።

እንግዲህ ስሚ፣ አልኋት። ዕቃም ይተነፍሳል።
ከግድግዳው አንድ ስንዝር አርቂው፣ ኮንዶሚኒየም ክረምት ያለቅሳል።
የከሰዓት ፀሐይ ጋርጂለት፣ ቆዳው እንዳይሰነጠቅ፤
ጨርቅ ስትነክሪ ጭመቂው፣ እንጨት መወልወል እንጂ መታጠብ አያውቅ።
መሳቢያ እምቢ ሲል በጉልበት አትሳቢ፣ የሻማ ጉማጅ እሺበት፤
ደግሞ፣ በእናትሽ፣ ተቀመጡበት።
ያልተቀመጡበት ነገር አይቀመጥም።

ከረቡዕ እስከ ዓርብ በረንዳው ላይ ገፈን ለፀሐይ ሰጠነው፣
ጣውላውን በነጭ ጋዝ አሸን፣ ጆንያ ወጥረን፣ ስፖንጅ ቆርጠን ሞላነው።
የአይጧን ልጆች ምን እንዳደረግናቸው አልጽፍም።

ዓርብ ማታ፣ «በይ ተቀመጪ» አልኋት።
«እኔ? ሽማግሌዎቹ ሳይቀመጡ?»
ስሙ እስኪጠራ እንደሚጠብቅ ባለጉዳይ ጫፉን ያዘች፤
ቆይታ ተደገፈች። ቆይታ እግሯን አነሣች።
«ይኼን ያህል ዘመን…» ብላ ሳትጨርስ አንቀላፋች።

ሂሳቤን ሕሊና ሰጠችኝ፤ በጣቴ ጫፍ ወጣሁ።
በጨለማው፣ በታክሲ፣ ገላን ቤቴ ገባሁ።

የእኔ ወንበር አንድ እግሩ አጭር ነው፤
ስድስት ወሩ፣ የታጠፈ ካርቶን አስደግፌው።
ሚስቴ ምንም አላለችኝም፤
ሦስት ሚስማር ወንበሩ ላይ ደርድራ ነው የጠበቀችኝ።